«የተቃጠለ ፊት» የሚለው መልስ፦ ስለ ኢትዮጵያ ስም አመጣጥ በሚሰጠው ትምህርት ላይ የቀረበ ሂስ

መግቢያ

የአገሩ ስም አንድ ተማሪ ፊደል ከመቁጠሩ አስቀድሞ ከሚሰማቸው ቃላት አንዱ ነው። ስለ ስሙ አመጣጥ በታሪክ ክፍለ ጊዜ የሚሰጠው ማብራሪያ ግን ብዙውን ጊዜ ከአንድ ዓረፍተ ነገር አያልፍም። ይኸውም ኢትዮጵያ የሚለው ቃል ከሁለት የግሪክ ቃላት የተገኘ ሲሆን ትርጉሙ «በፀሐይ የተቃጠለ ፊት» ነው የሚለው ነው። ተማሪው ይህን በደብተሩ ይገለብጣል፤ በፈተናም ጊዜ ይመልሳል፤ መምህሩም የትክክል ምልክት ያደርግበታል። ከአያቱ ወይም ከቤተ ክህነት መምህሩ ዘንድ ስሙ ኢትዮጲስ ከተባለ ጥንታዊ ንጉሥ የወረደ መሆኑን ሰምቶ የመጣው ተማሪ ደግሞ ይህንኑ ቢጽፍ ይሰረዝበታል። የሁለቱ ተማሪዎች ዕጣ በአንድ ነገር ይመሳሰላል፤ የመጀመሪያው ለምን ትክክል እንደሆነ፣ ሁለተኛውም ለምን እንደተሳሳተ አይነገራቸውም።

ይህ እንደ ጥቃቅን ጉድለት የሚታለፍ አይደለም። «የተቃጠለ ፊት» የሚለውን መልስ ብቻ ይዞ ትምህርት ቤቱን የሚለቅ ወጣት፣ የአገሩ ስም ባዕዳን የቆዳውን ቀለም አይተው የለጠፉበት ምልክት ነው ከሚል ድምዳሜ ላይ ቢደርስ አይፈረድበትም። ድምዳሜው ያስከፋው ደግሞ ደስ የሚያሰኝ ሌላ ፍቺ ፍለጋ ይወጣና ያገኘውን ሁሉ ያለ ምርመራ ይቀበላል። በሁለቱም አቅጣጫ የሚጎዳው የታሪክ ትምህርት ዋና ዓላማ፣ ማለትም ማስረጃን መዝኖ የመፍረድ ችሎታ ነው።

ከዚህ በታች የሚቀርበው ሂስ በጥያቄው አቀራረብ ላይ ያተኩራል። «ኢትዮጵያ ማለት ምን ማለት ነው?» የሚለው ጥያቄ ሦስት የተለያዩ ጥያቄዎችን በአንድነት ይጨፈልቃል። አንደኛው ቃሉ ከየት ተገኘ የሚለው ነው። ሁለተኛው በየዘመኑ ስሙ ለየትኛው አገርና ሕዝብ ይሰጥ ነበር የሚለው ነው። ሦስተኛው ስሙን ለራሱ መጠሪያ አድርጎ የወሰደው ማን ነው፣ መቼስ ወሰደው የሚለው ነው። ለመጀመሪያው ጥያቄ የሚሰጠው መልስ ለቀሩት ሁለቱ መልስ ሊሆን አይችልም። ሦስተኛው ጥያቄ ከሁሉ የሚበልጠው ሆኖ ሳለ በክፍል ውስጥ ብዙም ሲነሣ አይታይም።

የቃል ሥርና የቃል ትርጉም

በቅድሚያ የቃሉ አከፋፈል ራሱ በብዙ የክፍል ማስታወሻዎች ላይ የተዛባ ነው። «ኢትዮ» የተቃጠለ፣ «ጵያ» ደግሞ ፊት ማለት ነው ተብሎ ይጻፋል። ግሪክኛው ግን እንዲህ አይከፈልም። «አይቶ» ማቃጠልን፣ «ኦፕስ» ፊትን ወይም ዓይንን ያመለክታሉ፤ ሁለቱ ሲጣመሩም «አይቲዮፕስ» የሚለውን የሰው መጠሪያ ይሰጣሉ። በመጨረሻ ላይ የሚገኘው «ያ» የአገር ስም የሚያወጣ ምዕላድ ሲሆን በአረብያ፣ በሶርያና በመቄዶንያም ይገኛል። ስለሆነም «ጵያ» በምንም መንገድ ፊት ሊሆን አይችልም።

አከፋፈሉ ከታረመ በኋላም ቢሆን ጉዳዩ የተዘጋ አይደለም። ሆላንዳዊው የቋንቋ ሊቅ ሮበርት ቤክስ የቃሉ አሠራር ከተለመደው የግሪክኛ የቃላት አመሠራረት ጋር በደንብ እንደማይስማማ በማመልከት፣ ቃሉ ከግሪክኛ በፊት በአካባቢው ይነገር ከነበረ ሌላ ቋንቋ የመጣ ሊሆን ይችላል ብለዋል። በዚህ አስተያየት መሠረት «የተቃጠለ ፊት» የሚለው ፍቺ ግሪኮች ትርጉሙ ላልታወቃቸው ቃል ኋላ የሰጡት ማብራሪያ ይሆናል ማለት ነው። በደቡብ ግሪክ በፒሎስ ቤተ መንግሥት ፍርስራሽ ውስጥ በተገኙና ከክርስቶስ ልደት በፊት በ1200 ዓመት ገደማ በተጻፉ የሸክላ ሰሌዳዎች ላይ ከዚሁ ቃል ጋር የሚዛመድ የሰው ስም መገኘቱም የቃሉን ዕድሜ ጥንታዊነት ያስረዳል። እንግዲህ በፈተና ላይ እንደ መጨረሻ ቃል የሚቆጠረው መልስ፣ በሊቃውንቱ ዘንድ ከሁሉ የበለጠ ተቀባይነት ያለው ግምት እንጂ ክርክር የማይነካው ሐቅ አይደለም።

ከዚህ ይልቅ ክብደት የሚሰጠው ነጥብ የቃል ሥር የቃል ትርጉም አለመሆኑ ነው። ለዚህ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። በየመማሪያ ክፍሉ የሚገኘው ጠረጴዛ ስሙን ያገኘው ከግሪክኛ ሲሆን የቃሉ ሥር «ባለ አራት እግር» የሚል ነው። ይሁን እንጂ በአንድ እግር የቆመ ክብ ጠረጴዛ ስሙን አያጣም፤ አራት እግር ያላት ላምም ጠረጴዛ አትባልም። የአዲስ አበባን ምንነት የተጠየቀ ተማሪም «ገና የፈነዳ አበባ» ብሎ ቢመልስ ማንም አይቀበለውም። የቃል ትርጉም የሚታወቀው ሰዎች በቃሉ ከሚያደርጉት አገልግሎት ነው። ስለ ጠረጴዛ የታወቀው ይህ እውነት ስለ አገር ስም ሲሆን የሚዘነጋበት ምክንያት የለም።

ስሙ ለማን ይሰጥ ነበር?

በሁለተኛው ጥያቄ ረገድ የሚታየው ስሕተት በጥንት መጻሕፍት ውስጥ «ኢትዮጵያ» የሚለው ስም በተጠቀሰበት ስፍራ ሁሉ የዛሬዋ ኢትዮጵያ ተጠቀሰች ብሎ ማስተማር ነው። ሆሜር በኦዲሴይ ውስጥ ኢትዮጵያውያንን በዓለም ዳርቻ የሚኖሩ፣ ከፊሎቹ በፀሐይ መውጫ፣ ከፊሎቹም በፀሐይ መግቢያ የተቀመጡ ሕዝቦች አድርጎ ይገልጻቸዋል። በኢሊያድም አማልክቱ ለግብዣ የሚሄዱባቸው እንከን የለሽ ሰዎች ናቸው። ይህ በካርታ ላይ የሚመለከት አገር ሳይሆን የሩቅ ዓለም ሥዕል ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ5ኛው መቶ ዓመት የጻፈው ሄሮዶቱስ ደግሞ በአንድ በኩል በፋርስ ጦር ውስጥ የተሰለፉ የምሥራቅ ኢትዮጵያውያን እንደነበሩ ይናገራል፤ በሌላ በኩል ከግብፅ በስተደቡብ በዐባይ ዳርቻ የምትገኘውን መርዌን የኢትዮጵያውያን ዋና ከተማ ያደርጋታል። የመርዌ ፍርስራሽ የሚገኘው ከካርቱም በስተሰሜን ምሥራቅ 200 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ በዛሬዋ ሱዳን ውስጥ ነው።

በመጽሐፍ ቅዱስም ረገድ ሁኔታው ተመሳሳይ ነው። የዕብራይስጡ ብሉይ ኪዳን «ኩሽ» ይላል። ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ3ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ በእስክንድርያ ወደ ግሪክኛ የተረጐሙት ሊቃውንት ኩሽ የሚለውን በአብዛኛው «አይቲዮፕያ» ብለው መለሱት። ግዕዙም የተተረጐመው ከግሪክኛው በመሆኑ «ኢትዮጵያ» አለ፤ አማርኛውም ይህንኑ ተከተለ። ለዚህ ጥሩ ምሳሌ የሚሆነው በመጽሐፈ ነገሥት ካልዕ ምዕራፍ 19 የተጠቀሰው ቲርሐቅ ነው። ይህ ሰው ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ690 እስከ 664 ግብፅንና ኩሽን የገዛው ታሃርቃ ሲሆን መነሻው በሰሜን ሱዳን የምትገኘው ናፓታ ነበረች፤ መቃብሩም በዚያው አካባቢ በኑሪ ይገኛል። በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 8 የተነገረላት ሕንደኬም የመርዌ ንግሥታት የሚጠሩበትን የማዕርግ ስም የያዘች ናት።

ይህ ሁሉ ሲባል ግን ከአንዱ ስሕተት ወደ ሌላው መዝለል አይገባም። አንዳንድ ወገኖች ከዚህ ተነሥተው «የጥንቷ ኢትዮጵያ ሱዳን ብቻ ናት፤ የዛሬዋ ኢትዮጵያ ስሙን ያለ አግባብ ወሰደች» ይላሉ። ይህም ስሙ በዘመኑ የሰፋና ድንበሩ ያልተቆረጠ መሆኑን የዘነጋ አነጋገር ነው። በግሪክና በሮማ ጸሐፊዎች ዘንድ ስሙ ከግብፅ በታች ላለው ጥቁር ሕዝብ በጠቅላላው ይሠራበት ነበር። ከብዙ መቶ ዓመታት በኋላ እንኳ የአውሮፓ ካርታ ሠሪዎች የአትላንቲክን ውቅያኖስ ደቡባዊ ክፍል የኢትዮጵያ ውቅያኖስ ብለው ይጽፉ ነበር። እንዲህ ሰፊ የነበረን ስም ለአንዱ ብቻ ቆርሶ መስጠት፣ ስጦታው ለየትኛውም ወገን ይሁን፣ የኋላ ዘመንን ድንበር ወደ ጥንት ማስገባት ነው።

ስሙን ማን ለራሱ ወሰደው?

አበው ስምን መልአክ ያወጣዋል ይላሉ። በአገራት ታሪክ ግን ስም የሚያወጣው ብዙ ጊዜ ጎረቤት ወይም መንገደኛ ነው። ቁም ነገሩ የተጠሪው ተግባር ነው፤ ስሙን ይገፋዋል፣ ወይም ይቀበለዋል፣ ወይም ደግሞ ተቀብሎ ሌላ ነገር ያደርገዋል። የኢትዮጵያ ስም ታሪክ ዋና ምዕራፍም ይህ ነው።

የአክሱም መንግሥት በገነነበት ጊዜ ባዕዳን በአንድ ስም አይጠሩትም ነበር። የፍሬምናጦስን ታሪክ በ4ኛው መቶ ዓመት መጨረሻና በ5ኛው መጀመሪያ የጻፈው ሩፊኖስ አገሩን ከህንድ ምድር እንደ አንዱ አድርጎ ይቈጥረዋል። ንጉሥ ዔዛና በ4ኛው መቶ ዓመት ባስቀረጸው በግሪክኛ፣ በግዕዝና በሳባ ፊደል በተጻፈው የድንጋይ ጽሑፍ ላይ ግን አንድ ትልቅ ማስረጃ ይገኛል። ንጉሡ የሚገዛቸውን አገሮችና ሕዝቦች በሚዘረዝርበት ክፍል፣ የግሪክኛው ጽሑፍ «ኢትዮጵያውያን» ሲል የግዕዙ በምትኩ «ሐበሠት» ይላል። በዚያው ዝርዝር ውስጥ ካሱ፣ ማለትም የመርዌው ኩሽ፣ ለብቻው ተጠቅሷል። ከዚህ ሁለት ነገሮችን መረዳት ይቻላል። በመጀመሪያ የአክሱም ቤተ መንግሥት ጸሐፊዎች የግሪኩን ስም ለመርዌ ሳይሆን ለራሳቸው ወገን ተጠቅመውበታል። በሁለተኛም ደረጃ ይህን ያደረጉት ለባዕድ አንባቢ በባዕድ ቋንቋ ሲጽፉ ነው፤ በራሳቸው ቋንቋ ሲጽፉ ገና ሌላ ስም ነበራቸው።

ስሙ ወደ ግዕዝ ገብቶ የአገር ልጅ የሆነው ከ4ኛው እስከ 6ኛው መቶ ዓመት ባለው ጊዜ መጻሕፍት ቅዱሳን ሲተረጐሙ ነው። የዚህ ጉዞ ምስክር ዛሬም በፊደላችን ውስጥ አለ። «ጰ» የተባለው ፊደል በአመዛኙ የሚገኘው ከግሪክኛ በገቡ ቃላት ላይ ነው፤ ጳጳስ፣ ኤጲስ ቆጶስ፣ ጴጥሮስ፣ ጳውሎስ፣ ጰራቅሊጦስ፣ ጠረጴዛ የሚሉትን መመልከት ይበቃል። «ኢትዮጵያ» የሚለውም ስም በዚሁ ፊደል የሚጻፍ በመሆኑ የመጣበትን በር ራሱ ያሳያል።

ከዚህ በኋላ ስሙ ለግዕዝ አንባቢ የቆዳ ቀለም መግለጫ መሆኑ ቀርቶ የቅዱስ መጽሐፍ አገር መጠሪያ ሆነ። ኢትዮጵያ እጆቿን ወደ እግዚአብሔር እንደምትዘረጋ የሚናገረውን የ67ኛውን መዝሙረ ዳዊት ቃል በማሕሌት የሚያዜመው ደብተራ ስለ ፀሐይ ቃጠሎ አያስብም ነበር። እ.ኤ.አ. በ14ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ፣ በዐፄ ዓምደ ጽዮን ዘመን፣ የአክሱሙ ንቡረ እድ ይስሐቅና ባልንጀሮቹ ያዘጋጁት ክብረ ነገሥት ይህን ትርጉም ወደ መንግሥት ሥልጣን ደረጃ አደረሰው። በዚያ መጽሐፍ ኢትዮጵያ የጽዮን ታቦት ማደሪያና የሰሎሞን ዘር መንግሥት ናት። «ንጉሠ ነገሥት ዘኢትዮጵያ» የሚለው ማዕርግ ሙሉ ክብደቱን የሚያገኘው ከዚህ ነው። ግሪኩ የሰጠው ቃል ያው ነው፤ ትርጉሙ ግን ፈጽሞ ሌላ ሆኗል። የተማሪው የፈተና ወረቀት ይህን አንድ ሺህ ዓመት የሚሆን ሥራ ዘሎ ወደ ግሪኩ ይመልሰዋል።

ሐበሻና አቢሲንያ

ከኢትዮጵያ ስም ጎን ለጎን የኖረው ሐበሻ የሚለው ስም ነው። ስለዚህም ስም ትርጉሙ «ቅይጥ» ነው የሚል የአንድ መስመር መልስ በየስፍራው ይሰጣል። ነገር ግን «ሐበሠት» የሚለው ስም በ3ኛው መቶ ዓመት በተጻፉ የደቡብ ዐረብ የድንጋይ ጽሑፎች ላይ የሕዝብ ስም ሆኖ ይገኛል። «ቅይጥ» የሚለው ፍቺ የዐረብኛን ግሥ ተከትሎ ኋላ የተሰጠ በመሆኑ፣ ለስሙ መነሻ ማስረጃ ሊሆን አይችልም።

የዚህም ስም ትርጉም እንደ ተናጋሪው ተለዋውጧል። በእስልምና ታሪክ እ.ኤ.አ. በ615 የነቢዩ መሐመድ ተከታዮች ተሰድደው የተጠለሉበት አገር አል-ሐበሻ በመሆኑ ስሙ የፍትሕና የጥገኝነት ምድርን ያስታውሳል። በ16ኛው መቶ ዓመት የኢማም አሕመድን ዘመቻ የመዘገበው ፉቱሕ አል-ሐበሻ በተባለው መጽሐፍ ደግሞ ያው ስም የጠላት መንግሥት መጠሪያ ነው። አውሮፓውያን ከዐረብኛው ተቀብለው አቢሲንያ አሉት። ጀርመናዊው ሂዮብ ሉዶልፍ፣ ከአባ ጎርጎርዮስ የተማረውን መሠረት አድርጎ እ.ኤ.አ. በ1681 ያሳተመው መጽሐፍ በአንዱ አርእስት ላይ ሁለቱንም ስሞች ይዟል፤ ታሪኩን የኢትዮጵያ፣ መንግሥቱን የሐበሾች ይለዋል። በ1898 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ባንክ በውጭ ቋንቋ የአቢሲንያ ባንክ ይባል ነበር፤ በ1923 ዓ.ም. በተካው የመንግሥት ባንክ ላይ ግን ስሙ ኢትዮጵያ ሆነ። ዛሬ በአሜሪካ፣ በአውሮፓና በዐረብ አገሮች የሚኖሩ ኢትዮጵያውያንና ኤርትራውያን ሐበሻ የሚለውን ስም የጋራ መጠሪያ አድርገው ይሠሩበታል፤ በአገር ውስጥ ግን ስሙ እኛን አይጨምርም የሚሉ ብዙ ወገኖች አሉ። እንግዲህ ለዚህ ሁሉ አገልግሎት «ቅይጥ» የሚለው መልስ ምን ያስረዳል?

ትውፊትን ስለ መመዘን

በመጽሐፈ አክሱም ውስጥ የሚገኘው ትውፊት ስሙን የኩሽ ልጅ ነው ለሚባለው ለኢትዮጲስ ይሰጣል፤ የመጀመሪያዋን የአክሱም መንደር የመሠረታትም እርሱ ነው ይላል። በኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 10 ከተዘረዘሩት የኩሽ ልጆች መካከል ግን ይህ ስም የለም። የስሙ አጨራረስም እንደ ጴጥሮስና ማርቆስ የግሪክኛውን ስልት የተከተለ በመሆኑ፣ አባቱ ከአገሩ ስም የተገኘ እንጂ አገሩ ከአባቱ ስም የተገኘ አይመስልም። ይህን ለተማሪ ማስረዳት ተገቢ ነው። ይሁን እንጂ ትውፊቱ ለቃሉ መነሻ ማስረጃ አለመሆኑ ትውፊቱን ዋጋ ቢስ አያደርገውም። ከባዕድ የመጣን ስም ለራሱ ያደረገ ማኅበረሰብ ለስሙ አባት ወልዶለታል፤ ይህ ራሱ የሦስተኛው ጥያቄ ማስረጃ ነው።

በቅርብ ዘመን የተነሡትም አተረጓጐሞች በዚሁ ሚዛን ሊታዩ ይገባል። ሎሬት ጸጋዬ ገብረ መድኅን ስሙን ከጥንታዊ ግብፅ ቃላት ጋር አያይዞ የከፍተኛ ሰላም ምድር የሚል ፍቺ ሰጥቶታል። ሌሎችም ከቢጫ ወርቅ ጋር ያያይዙታል። እነዚህ ፍቺዎች ስሙን የመውደድ መግለጫዎች ናቸው፤ ለባለቅኔም ይህ መብቱ ነው። የታሪክ መምህር ግን የድምፅ መመሳሰል ብቻውን የዝምድና ማስረጃ እንደማይሆን ማስተማር አለበት፤ ቃሉ በየትኛው ጽሑፍ፣ በየትኛው ዘመን፣ በማን እጅ ተገኘ ብሎ መጠየቅም ግዴታው ነው።

ስሙና ወሰኑ

ለዛሬው ተማሪ ከሁሉ ይልቅ የሚቀርበው፣ በመማሪያ ክፍል ግን እምብዛም የማይወሳው፣ ስሙ የሚሸፍነው ምድርና ሕዝብ በዘመናችን ዋዜማ የተለወጠበት ታሪክ ነው። ዐፄ ምኒልክ በ1883 ዓ.ም. ለአውሮፓ መንግሥታት በጻፉት ደብዳቤ የኢትዮጵያን ወሰን ገልጸዋል። እ.ኤ.አ. በ1894 ወላይታ፣ በ1897 ከፋ በጦር ኃይል ወደ ንጉሠ ነገሥቱ ግዛት ገቡ። እነዚህ አገሮች የራሳቸው ስም፣ የራሳቸው ነገሥታትና የራሳቸው የስም ታሪክ ነበራቸው። ስለዚህ በደብረ ብርሃንና በቦንጋ ለሚማሩ ልጆች «ስማችን የሦስት ሺህ ዓመት ነው» ብሎ በአንድ ቃል ማስተማር፣ የአንደኛውን ልጅ ቅድመ አያቶች ታሪክ ከመጽሐፉ ማውጣት ይሆናል። ስሙ በሁለቱ ቤት የገባው በተለያየ ዘመንና በተለያየ መንገድ ነው። ይህን መናገር ስሙን አያዳክመውም፤ የጋራ የሆነበትን መንገድ በእውነት ያስረዳል እንጂ።

በ1923 ዓ.ም. የወጣው የመጀመሪያው የጽሑፍ ሕገ መንግሥት ስሙን በሕግ አጸናው። ፋሺስት ኢጣልያ እ.ኤ.አ. በ1936 አገሩን በያዘች ጊዜ አስተዳደሩን ሸንሽና የኢጣልያ ምሥራቅ አፍሪካ ብትለውም፣ ለንጉሥዋ የሰጠችው ማዕርግ የኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት የሚል ነበር፤ ወራሪው እንኳ የስሙን ክብደት ያውቅ ነበር። ከዚያም ወዲህ የንጉሠ ነገሥት መንግሥት፣ በ1980 ዓ.ም. ሕዝባዊ ዲሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ፣ በ1987 ዓ.ም. ፌዴራላዊ ዲሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ እየተባለ ቅጽሉ ሲፈራረቅ ስሙ አልተነካም። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት መግቢያ ባለቤት ያደረገው የኢትዮጵያን ብሔሮች፣ ብሔረሰቦችና ሕዝቦች መሆኑም ስሙ እንደገና መተርጐሙን ያመለክታል።

በአገሩ ወሰን ሳይገደብም ስሙ ሌላ ሕይወት ኖሯል። እ.ኤ.አ. በ1808 በኒውዮርክ የተመሠረተው የጥቁሮች ቤተ ክርስቲያን የአቢሲንያ ባፕቲስት ተባለ፤ በ1892 ማንጌና ሞኮኔ በደቡብ አፍሪካ ከነጮች አመራር ተለይቶ ያቋቋመውም የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ተሰኘ። ለእነዚህ ሰዎች ኢትዮጵያ የመላው ጥቁር ሕዝብ ስም ነበረች። በ1888 ዓ.ም. የተገኘው የዓድዋ ድል ደግሞ በመዝሙሩ ያነበቡትን ስም ሕያው ከሆነ መንግሥት ጋር አገናኘላቸው። «የተቃጠለ ፊት» ተብሎ የተሰጠ ስም በቀለሙ ለተናቀ ሕዝብ የክብር ዓርማ ሆነ።

ኢትዮጵያ በዚህ ረገድ ብቸኛ አይደለችም። ሱዳን የሚለው ከዐረብኛ የተገኘ ሲሆን የጥቁሮች አገር ማለት ነው። ኤርትራ የሚለውን ስም ኢጣልያ እ.ኤ.አ. በ1890 የሰጠችው ከቀይ ባሕር የግሪክኛ ስም ወስዳ ነው፤ በግዕዝና በአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስም የኤርትራ ባሕር የሚለው ይገኛል። ቅኝ ገዥ ያወጣው ያ ስም ኋላ የነጻ መንግሥት ስም ሆነ። ጋናም እ.ኤ.አ. በ1957 ነጻ ስትወጣ የወሰደችው ስም ከግዛቷ ውጭ፣ በዛሬዎቹ ሞሪታንያና ማሊ ምድር የነበረ የጥንት መንግሥት ስም ነው። እነዚህን ጎን ለጎን ያየ ተማሪ የአገሩን ስም ታሪክ ያለ ኀፍረትም ያለ ትምክሕትም ሊያነበው ይችላል።

ለሥርዓተ ትምህርት የሚቀርብ ሐሳብ

ከላይ የተገለጸውን በተግባር ለማዋል አዲስ የትምህርት ዓይነት መጨመር አያስፈልግም። በአንደኛ ደረጃ የመጀመሪያ ክፍሎች የግሪክኛ ፍቺ ፈጽሞ መቅረት አለበት። በምትኩ ልጆች የሰፈራቸውን ወይም የከተማቸውን ስም ማን እንዳወጣው ከሽማግሌዎች ጠይቀው ይምጡ። አዳማ ናዝሬት ተብላ እንደገና አዳማ፣ ቢሾፍቱም ደብረ ዘይት ተብላ እንደገና ቢሾፍቱ መሆናቸው ስም የሰው ሥራ መሆኑን ለልጅ በሚገባው መንገድ ያሳያል። በመካከለኛ ክፍሎች በ«ጰ» የሚጻፉትን ቃላት ማሰባሰብ፣ እንዲሁም የሄሮዶቱስን መርዌ፣ የዔዛናን አክሱምና የዛሬውን ወሰን በአንድ ካርታ ላይ ማመልከት ይቻላል። በሁለተኛ ደረጃ የዔዛና የማዕርግ ዝርዝር፣ አንድ የመጽሐፍ ቅዱስ ምዕራፍና የ1883ቱ ደብዳቤ ቀርበው ተማሪዎች በሦስቱም ውስጥ ኢትዮጵያ ማንን እንደምታመለክት ያወዳድሩ።

የፈተናውም ጥያቄ መለወጥ አለበት። «ኢትዮጵያ ማለት ምን ማለት ነው?» በሚለው ፋንታ፣ «ቲርሐቅ የኢትዮጵያ ንጉሥ የተባለው በየትኛው ትርጉም ነው?» ወይም «የዔዛና ጸሐፊ በግሪክኛና በግዕዝ የተለያዩ ስሞችን የተጠቀመው ለምን ይመስላችኋል?» ብሎ መጠየቅ ይሻላል። በመምህራን ማሠልጠኛ ተቋማትም ሠልጣኞች ኢትዮጲስን የጻፈውን ተማሪ ወረቀት እንዴት እንደሚያርሙ ሊለማመዱ ይገባል። መሰረዝ ቀላል ነው፤ «ይህን የሚለው የትኛው መጽሐፍ ነው? መቼ ተጻፈ?» ብሎ በኅዳጉ ላይ መጻፍ ግን ማስተማር ነው።

ብዙ መልስ ማቅረብ ተማሪውን ግራ ያጋባል የሚል ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። ነገር ግን ተማሪው አስቀድሞ በቤት አንድ፣ በቤተ እምነት ሌላ፣ በትምህርት ቤት ሦስተኛ መልስ ሰምቷል። ግራ መጋባቱ ያለ ነው፤ የጎደለው እርሱን የሚፈታበት መሣሪያ ነው። የክፍለ ጊዜ እጥረትም እውነተኛ ችግር ቢሆን፣ ለዚህ ርእስ የሚያስፈልገው ከሁለት ወይም ከሦስት ክፍለ ጊዜ አይበልጥም።

ማጠቃለያ

ባጭሩ፣ ኢትዮጵያ የሚለው ቃል ከግሪክ ዓለም የተገኘ፣ በየዘመኑ ለሩቁ የዓለም ዳርቻ፣ ለመርዌና ለአክሱም የተሰጠ፣ በግዕዝ ጸሐፊዎች እጅ የሃይማኖትና የመንግሥት ስም የሆነ፣ ባለፉት መቶ ሠላሳ ዓመታት ውስጥ ደግሞ ብዙ ሕዝቦችን የያዘ አገር መጠሪያ ሆኖ የሰፋ ነው። «የተቃጠለ ፊት» የሚለው መልስ ከዚህ ሁሉ የመጀመሪያውን እርምጃ ብቻ ይነካል፤ እርሱንም በግምት። መምህሩ ይህን መልስ እንደ መነሻ እንጂ እንደ መድረሻ ባይወስደው፣ የፈተና አዘጋጁም በዚሁ መንፈስ ቢረዳው፣ ተማሪው ስለ ስሙ የሚያውቀው ነገር ባዕዳን ስላዩት ፊት ብቻ ሳይሆን የገዛ ወገኖቹ በየዘመኑ ስለ ሠሩት ሥራም ይሆናል።